የንባብ ምሽትና የበር ላይ ቃል

«ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ» እንዲሉ፣ ባል የሚስቱን ድርሰት ሊሄስ ብዕር ሲያነሣ አንባቢ በጥርጣሬ ዓይን ቢመለከተው አይፈረድበትም። ስለዚህ ወደ ጉዳዩ ከመግባቴ በፊት የቆምኩበትን ቦታ ላሳይ። በሐምሌ ወር፣ ናይሮቢ በምትበርድበት ሰሞን፣ በአንድ ቅዳሜ አመሻሽ ላይ በአንዲት አነስተኛ የሰፈር ቤተ መጻሕፍት ውስጥ አጭር ልቦለድዋን ያነበበችው ደራሲት ባለቤቴ ናት። ልቦለዱን ወደ እንግሊዝኛ የመለስኩትና ከእሷ ቀጥዬ ትርጉሙን ያነበብኩት እኔ ነኝ። መጻሕፍቱን በካርቶን ተሸክሜ የወሰድኩትም፣ ሳይሸጡ የቀሩትን ተሸክሜ የመለስኩትም እኔው ነኝ።

በዚህ ሁሉ ላይ ሐያሲም ልሁን ማለት ድፍረት ይመስል ይሆናል። ነገር ግን ከአንድ ቀን በፊት ዋናውንና ትርጉሙን ጎን ለጎን አስቀምጦ ቃል በቃል ያመሳከረ፣ ከዚያም ሁለቱም በአንድ አዳራሽ ውስጥ ምን እንደደረሰባቸው በጆሮው የሰማ ሰው ከእኔ በቀር አልነበረም። በዚያ ምሽት የተበላሸ ነገር አለ፤ ከተበላሸውም ትልቁ የእኔ ሥራ ነው። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ ሚስትን ለማወደስ ወይም አዘጋጅን ለመውቀስ የተጻፈ ሳይሆን፣ የንባብ ምሽት የሚባለው ነገር ለምን እንደሚጠቅምና በምን እንደሚከሽፍ ከአንድ ምሽት ተነሥቶ ለመመርመር የቀረበ ነው።

ከበሩ በፊት

ወደ ስፍራው ያመራነው በመሐል ናይሮቢ በኩል ነበር። ማታቱ ከመያዛችን በፊት በባንዳ ጎዳና፣ ከጃሚያ መስጊድ አጠገብ ባለው በማክሚላን መታሰቢያ ቤተ መጻሕፍት ፊት አለፍን። ባለቤቴ እዚያ ስትደርስ ሁልጊዜ እርምጃዋን ቀነስ ታደርጋለች። የሚያስቆማት ከታላላቆቹ ዐምዶችና በደጃፉ ከተቀመጡት የአንበሳ ምስሎች ይልቅ የሰውየው ታሪክ ነው። ቤቱ የተሠየመለት ዊሊያም ኖርዝሮፕ ማክሚላን አሜሪካ ተወልዶ ኬንያ የሠፈረ ባለጸጋ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1903 ዐባይን በብረት ጀልባዎች ቁልቁል ለመውረድ ሞክሮ ወንዙ ጀልባዎቹን ሰባብሮ የመለሰው ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1925 ከሞተ በኋላ ባለቤቱ ሌዲ ሉሲ ለመታሰቢያው ያሠራችው ይህ ቤት በ1931 ተከፈተ። የተከፈተው ግን ለአውሮጳውያን ብቻ ነበር፤ የሀገሩ ተወላጅ ያንን ደጃፍ አልፎ መጽሐፍ ለመግለጥ እስከ 1950ዎቹ መጨረሻ መጠበቅ ነበረበት።

ዛሬ ያ በር ለሁሉም ክፍት ነው። እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ ደራሲት ዋንጂሩ ኮይናንጌና የኅትመት ባለሙያዋ አንጄላ ዋቹካ ያቋቋሙት ድርጅት ከከተማዋ አስተዳደር ጋር በመተባበር ማክሚላንንና ሁለቱን ቅርንጫፎቹን፣ ማለትም የካሎሌኒንና የማካዳራን ቤተ መጻሕፍት፣ ለማደስ ሥራ ጀመረ። እኛ የተጋበዝንባት ቤት ከእነዚህ አንዷ አይደለችም፤ ስሟን መጥቀስም ለጉዳያችን አያስፈልግም። ታሪኩን ያነሣሁት ግን በከንቱ አይደለም። ቤተ መጻሕፍት ሰውን የሚያስገባውም የሚያስቀረውም በበሩ ብቻ እንዳልሆነ ያን ዕለት ስለተማርኩ ነው። በሩ ተከፍቶ፣ ወንበሩ ተደርድሮ፣ ሰዉም ገብቶ፣ ጽሑፉ ብቻ ተዘግቶ ሊቀር ይችላል።

የምሽቱ ሥርዓት

ዝግጅቱ ከቀኑ ዐሥር ሰዓት ላይ ይጀመራል ተብሎ ዐሥር ሰዓት ከአርባ አምስት ላይ ተጀመረ። አርባ ያህል ሰው ነበር። ግማሹ አማርኛ የሚሰማ ወገን፣ ግማሹ የቤተ መጻሕፍቱ አባላት የሆኑ ኬንያውያን ናቸው። በስተግራ ባለው ረጅም ጠረጴዛ ላይ የትምህርት ቤት የደንብ ልብሳቸውን ያላወለቁ አራት ልጆች የቤት ሥራቸውን ይሠሩ ነበር፤ እነርሱን ማንም አልጋበዛቸውም፣ ማንም አላስወጣቸውምም። በሚገባ ሲታሰብ የዝግጅቱ ምርጥ ነገር ይህ ነበር ማለት ይቻላል።

ከዚያ የመድረኩ መሪ ተናገረ። ከእሱ ቀጥሎ የነዋሪዎች ተወካይ ስለ ባህል ጥቅም ተናገሩ። ቀጥሎ ሻይና ዳቦውን የቻሉት ሰው እንዲናገሩ ተጋበዙ። ቀጥሎ የደራሲዋ የሕይወት ታሪክ፣ የተወለደችበት፣ የተማረችበትና ያገኘችው የምስክር ወረቀት ሳይቀር ተነበበ። እቅፍ አበባ ተሰጠ፤ ፎቶግራፍ ተነሣን። ጽሑፉ ሲጀመር ሰዉ አንድ ጊዜ የደከመ ነበር። ሁለት ሰዓት ከወሰደው ዝግጅት ውስጥ ልቦለዱ በአማርኛም በእንግሊዝኛም ተደምሮ የተነበበው ሠላሳ ደቂቃ ላልሞላ ጊዜ ነው።

ይህ የአንድ አዘጋጅ ጥፋት ቢሆን ኖሮ ባላነሣሁት። ነገሩ ግን በየከተማው፣ በአዲስ አበባም ሆነ በስደት ሀገር፣ አንዱ ከሌላው የሚወርሰው ልማድ ሆኗል። መጽሐፍ ሲመረቅም ሆነ ሲነበብ መጽሐፉ እንደ ሙሽራ ይሸፈንና ሚዜዎቹ ሲጨፍሩ ይመሻል። ለደራሲው ክብር እየሰጠን ለድርሰቱ ጊዜ እንነፍጋለን። ይህ ደግሞ ከሌላ የተዋስነው ነው እንዳንል፣ የራሳችን የንባብ ትውፊት የሚነግረን ተቃራኒውን ነው።

ንባብ የጆሮም ነው

«ንባብ» የሚለውን ቃል ዛሬ ለዓይን ብቻ አሳልፈን ሰጥተነዋል። በግእዝ ግን «ነበበ» ማለት «ተናገረ» ማለት ነው። በቤተ ክህነት ትምህርት ንባብ ቤት የገባ ልጅ መልእክተ ዮሐንስን ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነባል። የኔታ መጽሐፉን ማየት አያስፈልጋቸውም፤ ፊታቸውን ወደ ሌላ አዙረው በጆሮአቸው ያርሙታል። ልጁ ፊደሉን ሳይስት፣ ተነሹን ወዳቂ፣ ወዳቂውን ተነሽ ካደረገ ንባቡ ተበላሽቷል። ማንበብ ማለት ለሰሚ ማድረስ ስለሆነ ነው።

ወደ እኛ ዘመን ስንቀርብም ይኸው ነው። በ1958 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ የታተመውን «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ከገጹ ይልቅ በኢትዮጵያ ሬዲዮ በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ የሚያስታውሰው ትውልድ ጥቂት አይደለም። መጽሐፉን በእጁ ይዞ የማያውቅ ሰው ሰብለ ወንጌልን ከነድምፅዋ ያውቃታል። በተቀመጥንበት በኬንያም ንጉጊ ዋ ቲዮንጎ በጊኩዩ ቋንቋ የጻፈውን «ካይታኒ ሙታራባ-ኢኒ»ን እ.ኤ.አ. በ1980 ሲያሳትም፣ ማንበብ የሚችለው ለማይችለው በየቤቱ ያነብለት፣ በመጠጥ ቤቶችም አንባቢ ለተሰበሰበው ሰው ጮክ ብሎ ያነብ እንደነበር ራሱ ደራሲው በ1986 ባወጣው የሂስ መጽሐፉ ተርኮታል። ታሪኩ ከሚያጓጓው ቦታ ሲደርስ አንባቢው ብርጭቆው ባዶ መሆኑን ያስታውቃል፤ ሰሚዎቹም ይሞሉለታል። በ2025 ያረፈው ያ ታላቅ ደራሲ በሥራዎቹ ላይ ከተደረጉት የክብር ሥነ ሥርዓቶች ሁሉ ይህችን የመጠጥ ቤት ንባብ በፍቅር ማንሣቱ አይገርምም። በዚያ ንግግር የሚያደርግ የለም፤ የሚፈለገው ቀጣዩ ገጽ ነው።

እንግዲህ የንባብ ምሽትን በዚህ ሚዛን ካስቀመጥነው ጥያቄው አጭር ነው፦ ሰው ቀጣዩን ገጽ ፈልጓል ወይ?

ልቦለዱ በጆሮ ሲመዘን

የባለቤቴ ልቦለድ ዐሥራ አንድ ገጽ ነው። ከወሎ ገጠር ወደ ቤይሩት ሄዳ በሰው ቤት የምታገለግል አንዲት ልጅ ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ወደ እናትዋ ቤት ትመለሳለች። ታሪኩ በሁለት የበር ላይ ትዕይንት መካከል የተዘረጋ ነው። በመጀመሪያው ልጅቱ ልትሄድ ነው፤ የነፍስ አባታቸው ሊባርኳት ይመጣሉ፤ እናት ከሣር ቤታቸው ደጃፍ ላይ ቆማ «ይግቡ አባ» ትላቸዋለች። ከዚያ ወደ ልጅዋ ዞር ብላ «አንቺም ግቢ እንጂ፣ ምን ትገተሪያለሽ?» ትላታለች። በመጨረሻው ትዕይንት ልጅቱ በላከችው ገንዘብ ቤቱ ቆርቆሮ ለብሷል፤ በሩ አረንጓዴ ቀለም ተቀብቷል። እናት በሩን ትከፍታለች፤ ልጅዋን ከእግር እስከ ራስዋ ታያታለች። ከዚያ «ይግቡ» ትላታለች። ልቦለዱ ልጅቱ ደፉ ላይ እንደቆመች ያልቃል።

አማርኛ ለሚሰማ ሰው ማብራሪያ አያሻውም። እናት ልጅዋን አንቱ ብላታለች። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ያበላቻት፣ ያለበሰቻት፣ ቤት የሠራችላት ሰው ከአሁን በኋላ ልጅዋ አይደለችም፤ እንግዳዋ፣ ምናልባትም ጌታዋ ናት። እናት ይህን ያደረገችው በክፋት ወይም በሽሙጥ አይደለም፤ ከልብ በሆነ አክብሮት ነው። የሚያመውም አክብሮት መሆኑ ነው። ባለቤቴ ይህን ሁሉ በአንድ ግሥ ላይ ብቻ መጫንዋ የደራሲነትዋ ጉልበት ነው።

ሆኖም የጽሑፉን ጉድለት ካልተናገርኩ ሂሱ ሂስ አይሆንም። በመካከሉ የአውሮፕላን ማረፊያውን የሚገልጽ አንድ ገጽ ከግማሽ አለ። መስተዋቱ፣ መብራቱ፣ ሻንጣው፣ ሰልፉ፣ እያንዳንዱ ከነምሳሌው ተደርድሯል። በገጽ ላይ ዓይን የወደደውን ይዞ ያልወደደውን ይዘልላል፤ ጆሮ ግን መዝለል አይችልም። ያን ዕለት ባለቤቴ ከዚያ ስትደርስ ወንበር ይንቀጫቀጭ ጀመር፤ አንድ ሰው ስልኩን አወጣ። እሷም ተሰማት፤ ሁለት አንቀጽ ዘልላ ቀጠለች። የትኛውም አርታዒ ያላሳያትን ቦታ ያ የወንበር ድምፅ አሳያት።

ሁለተኛው ጉድለት የአነባበብ ነው። ባለቤቴ ዓረፍተ ነገር ሊያልቅ ሲል ድምፅዋን ዝቅ ታደርጋለች። በአንዳንድ ቋንቋ ይህ ብዙ ላይጎዳ ይችላል። በአማርኛ ግን ግሥ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። ማን እንዳደረገ፣ ለማን እንዳደረገ፣ በአክብሮት ይሁን በቅርበት፣ አዎንታ ይሁን አሉታ፣ ሁሉ ተጠቅልሎ የተቀመጠው በዚያች የመጨረሻ ቃል ውስጥ ነው። በአማርኛ ጮክ ብሎ የሚያነብ ሰው ድምፁን መጨረሻ ላይ ካጠፋ የዓረፍተ ነገሩን ልብ ውጧል ማለት ነው። ደግነቱ «ይግቡ» ላይ ስትደርስ ቆም ብላ፣ ቀና ብላ፣ ጥርት አድርጋ ተናገረችው። አዳራሹ ጸጥ አለ። በስተኋላ የተቀመጡ አንዲት እናት የነጠላቸውን ጫፍ ወደ አፋቸው ወሰዱ።

ሳቅ

ቀጥዬ የተነሣሁት እኔ ነኝ። በእንግሊዝኛ አንተም፣ አንቺም፣ እርስዎም፣ እናንተም አንድ ናቸው፤ በትእዛዝ ጊዜማ እነርሱም አይነሡም። ይህ ችግር ከአማርኛ ለሚተረጉም ሁሉ የታወቀ ነው፤ እኔም ለሳምንታት ስታገለው ቆይቼ ነበር። በመጨረሻ ያገኘሁት መፍትሔ በራሴ ዓይን የረቀቀ መሰለኝ። ልጅቱ በቤይሩት አሠሪዋን «ማዳም» እያለች ዘጠኝ ዓመት ኖራለች። ታዲያ እናትዋ «ካም ኢን፣ ማዳም» ብትላት አክብሮቱም ይገለጣል፣ ያ የአገልጋይነት ዘመንም ተገልብጦ ይመለሳል ብዬ አሰብኩ። እንዲህ ብዬ ተረጎምኩት። ሳነበውም በራሴ ብልሃት ረክቼ ነበር።

አዳራሹ ሳቀ። ክፉ ሳቅ አልነበረም፤ ቀልድ የሰማ ሰው የሚስቀው የሞቀ ሳቅ ነው። «ማዳም» የምትለው ቃል በናይሮቢም የአሠሪ፣ የአለቃ፣ የመምህርት መጠሪያ ናትና ሰሚዎቼ እናትየዋ ልጅዋን በሽሙጥ የወጋቻት መሰላቸው። በአንድ ጊዜ የባለቤቴን እናት፣ ያቺን በአክብሮት ጎንበስ ያለች ሴት፣ አሽሟጣጭ አደረግኋት። «አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም» ይባላል። እኔም ሳቁን ስሰማ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ፈገግ አልኩ። ተርጓሚ የሚሳቅለት ጊዜ እምብዛም ነው።

ከዚያ የጥያቄ ጊዜ ሆነ። የመጀመሪያው ጥያቄ «ታሪኩ የራስዎ ነው? ቤይሩት ነበሩ?» የሚል ነው። አልነበረችም። ሁለተኛው «ለምን ደስ የሚል ታሪክ አይጽፉም?» ሦስተኛው ወደ እኔ የተወረወረ ሲሆን፣ «ከደራሲ ጋር በአንድ ቤት መኖር እንዴት ነው?» የሚል ነበር። እኔም ቀልድ መለስኩ፤ እንደገና ተሳቀ። ባለቤቴን በሚጠይቁ ጊዜ ሁሉም «እርስዎ» ይሏት ነበር፤ ስለ ልቦለዱ «እርስዎ» ግን ማንም አላነሣም። ጥያቄ የጠየቁትን አልወቅስም። ሰው የሚጠይቀው የቀረበለትን ነው። ከአንድ ሰዓት በላይ ስለ ደራሲዋ ሕይወት የተነገረው ታዳሚ ስለ ደራሲዋ ሕይወት ቢጠይቅ ምን ይገርማል?

ወንበር የሚሰበስቡት ሰው

ሰዉ ከተበተነ በኋላ መጻሕፍቱን ወደ ካርቶን ስመልስ፣ ቤተ መጻሕፍቱን ለብዙ ዓመት ያገለገሉ አንድ አዛውንት ወንበሮቹን እያነባበሩ ወደ እኔ ቀረቡ። የሞምባሳ ሰው ናቸው። አማርኛ አንድ ቃል አያውቁም። በእንግሊዝኛ እንዲህ አሉኝ፦

«ወንድሜ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ባለቤትህ ስታነብ መጀመሪያ ላይ የተናገረቻትን አንዲት ቃል መጨረሻ ላይ ደገመቻት። ያንኑ ድምፅ ነው የሰማሁት። አንተ ስታነብ ግን የመጨረሻዋ ሌላ ሆነች። ቃሏ አንድ ናት ወይስ ሁለት?»

ለጊዜው መልስ አጣሁ። ቃሏ አንድ ናት። ለነፍስ አባት «ይግቡ»፣ ለልጅ «ይግቡ»። በመካከልዋ ደግሞ «ግቢ» አለች። እኔ በመጀመሪያው ገጽ ላይ ለካህኑም ለልጅቱም የተባለውን በአንድ «ካም ኢን» ጠቅልዬ አልፌው ነበር፤ እዚያ ልዩነቱ የሚጠቅም መስሎ አልታየኝምና። እንግዲህ በመጨረሻው ገጽ ላይ ያጣሁትን ነገር ያጠፋሁት በመጀመሪያው ገጽ ላይ ነው። ሰሚው ልዩነቱን አስቀድሞ እንዳይማር አድርጌ፣ በመጨረሻ የጎደለውን በ«ማዳም» ልሞላ ሞከርኩ። ለሳምንታት ስታገል የነበረው ከተሳሳተው ቦታ ላይ ነበር።

ነገሩን ሳስረዳቸው አዛውንቱ ወንበሩን አስቀምጠው ዝም አሉ። ከዚያ «እኛ ዘንድ ልጅ እናቱን ‹ሺካሞ› ብሎ ይሰላምታል፤ እናትም ‹ማራሃባ› ትላለች። እናት ልጅዋን ‹ሺካሞ› ብትለው...» ብለው ጀመሩና ሳይጨርሱ ራሳቸውን ነቀነቁ። ልቦለዱን በዚያ ምሽት ከሁሉ አስበልጠው የተረዱት ቋንቋውን የማያውቁት ሰው ነበሩ። የተረዱትም ስላደመጡ ነው። እኔ ትርጉም ሳነብ የምጠብቀው ቃላት እስኪገቡ ነበር፤ እሳቸው የሰሙት ግን ድምፅ ሲመለስ ነው። የልቦለዱ አሠራር ደግሞ ያ የድምፅ መመለስ ነበር።

እዚህ ላይ አንባቢ «ታዲያ ይህ ሁሉ ስለ አንዲት ቃል ነው?» ሊል ይችላል። አዎን። ከአማርኛ ወደ ሌላ ቋንቋ የሚሻገር ልቦለድ ብዙ አይደለም። የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» በ1975 ዓ.ም. ታትሞ በእንግሊዝኛ ለዓለም አንባቢ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ2025 ነው፤ ከአርባ ዓመት በላይ ወስዷል። መንገዱ እንዲህ ረጅም ከሆነ፣ ሰው በአንድ ቅዳሜ አመሻሽ ስለ አንዲት የወሎ እናት የሚሰማው ነገር ምናልባት ስለ እኛ ልቦለድ የሚሰማው የመጀመሪያውና የመጨረሻው ሊሆን ይችላል። እኔ ያንን ዕድል ለአንድ ሳቅ ለወጥኩት።

በመመለሻው ላይ

በማታቱ ውስጥ ባለቤቴ ካርቶኑን በጉልበትዋ ላይ አስቀምጣ ብዙ ጊዜ ዝም አለች። ስለ አዛውንቱ ነገርኳት። ስለ መጀመሪያው ገጽ ጥፋቴም ነገርኳት። ከዚያ እንዲህ አለችኝ፦ «ሳቃቸው አልከፋኝም፤ እነሱ የተሰጣቸውን ነው የሳቁት። የከፋኝ አንተም ፈገግ ማለትህ ነው። ያቺን እናት ከእኔ እኩል የምታውቃት አንተ ነበርክ።»

በትዳር ውስጥ ከተሰነዘሩብኝ ሂሶች ሁሉ ትክክለኛው ይህ ነው። ተርጓሚ ቋንቋ ባለማወቁ የሚሳሳተው ጥቂት ነው። ብዙውን ጊዜ የሚሳሳተው ሰሚው እንዲወደው ሲል ነው። የደራሲ የትዳር ጓደኛም በንባብ ምሽት ላይ ያው ፈተና ይገጥመዋል፤ ሰዉ ደስ እንዲለው፣ መጽሐፉ እንዲሸጥ፣ ምሽቱ እንዲያምር ይፈልጋል። በእኔ ላይ ሁለቱም ተደራርበው ነበር።

ትርጉሙን አሻሽያለሁ። በመጀመሪያው ገጽ ላይ «ይግቡ» እና «ግቢ» የሚሉትን ሁለት ቃላት ሳልተረጉም በአማርኛቸው ተውኳቸው። ካህኑ «ይግቡ» ሲባሉ ገብተው ሲቀመጡ፣ ልጅቱ «ግቢ» ተብላ ስትገፈተር፣ ሰሚው ማንም ሳያስረዳው የትኛዋ ቃል ለማን እንደምትነገር ይማራል። በመጨረሻው ገጽ ላይ የምትቀረው «ይግቡ» ብቻ ናት። «ማዳም» ወጥታለች። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ በሌላ ስፍራ፣ ከዐሥራ አምስት ለማይበልጡ ሰዎች ይህንኑ አነበብኩ። ማንም አልሳቀም። አንዲት ወጣት «እንዴት እንደ ካህኑ ትጠራታለች?» ስትል ለጎረቤትዋ በእንግሊዝኛ ስታንሾካሹክ ሰማሁ። ባለቤቴም ሰማች።

ስለ ንባብ ምሽቶቻችን የምለው እንግዲህ ከዚህ የተነሣ ነው። ከተመደበው ጊዜ ቢያንስ ግማሹ ለጽሑፉ ይሁን። በሁለት ቋንቋ የሚነበብ ከሆነ የሁለቱም ጽሑፍ ቅጂ አስቀድሞ ለታዳሚው ይታደል፤ የአንድ ገጽ ቅጂ ከእቅፍ አበባ ይረክሳል። የሕይወት ታሪኩ ከንባቡ በኋላ ይምጣ፤ የመጀመሪያዎቹ ጥያቄዎችም ስለ ተነበበው እንዲሆኑ የመድረኩ መሪ ይምራ። ደራሲ በገጽ ላይ የሚያምረው ሁሉ በጆሮ እንደማያምር አውቆ የሚያነበውን ይምረጥ፤ የግሡንም ድምፅ አይዋጥ። ተርጓሚም ትርጉሙን ከማቅረቡ በፊት ዋናውን ቋንቋውን ለማያውቅ ሰው አንብቦ ምን እንደሰማ ይጠይቅ። ይህን ምክር የምሰጠው ከመጽሐፍ አግኝቼው አይደለም፤ ወንበር ከሚሰበስቡ አንድ አዛውንት የተማርኩት ነው።

የአውሮፕላን ማረፊያዋን ገጽ በተመለከተ ግን ከባለቤቴ ጋር እስከ ዛሬ አልተስማማንም። ጮክ ብላ ስታነብ ትዘልለዋለች። ከሁለተኛው እትም ላይ ይውጣ ስላት ደግሞ፣ «አንተ የራስህን ‹ማዳም› ካወጣህ ይበቃሃል» ትለኛለች።